ጌኔ ጉሚቲ፦ ከጉማ የመጡት ሙሽራ

ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ያልሰማ የጅማ ሰው የለም። ቁመታቸው ይወራል፤ የጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ይጎበኛል። ጅማን ከጦር እሳት ያተረፈውን ምክር የለገሱት እናታቸው ጌኔ ጉሚቲ ግን የሚነሡት ከስንት አንዴ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን እናቶችን በአንድ መስመር ማለፍ ለምደዋልና!

ውድ አንባቢያን፣ የእኚህ ሴት ስም ራሱ ታሪክ ነው። በጊቤ ነገሥታት ቤት ንግሥት በመጣችበት አገር ትጠራ ነበር። የሊሙዋ ሊሚቲ፣ የጉማዋ ጉሚቲ ትባላለች። ጌኔ ማለት ደግሞ እመቤት እንደማለት ነው። ባል አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ልጃቸውም ነግሦ፣ እሳቸው ግን በአማቶቻቸው አገር ከጉማ የመጡት እንደተባሉ ኖሩ። ክብርም ነው፤ እንግድነትም ነው።

ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበር። ጅማ፣ ሊሙ ኢናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ለመሬትና ለንግድ መንገድ ይዋጋሉ፤ ሲታረቁም ሴት ልጅ ይሰጣጣሉ። ሙሽራዋ የስምምነቱ መያዣ ናት። ስምምነቱ የፈረሰ ዕለት በአባቷና በባሏ ጦር መሐል ትቀራለች። ጉማ ከዲዴሳ ወንዝ ማዶ ነው። ቋንቋው ያው ኦሮምኛ ቢሆንም፣ ጣውንት በበዛበት የንጉሥ ግቢ ከወገን ርቆ መኖር ምን እንደሚመስል ያገባች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

ባላቸው አባ ጎሞል እ.ኤ.አ. በ1878 ሲሞቱ ልጃቸው ገና የ17 ዓመት ገደማ ወጣት ነበሩ። በ1882 ከእምባቦ ጦርነት በኋላ የምኒልክ ኃይል ወደ ጊቤ አገሮች ገሰገሰ። በራስ ጎበና የሚመራው ጦር ጠመንጃ የታጠቀ ነበር። ወጣት ንጉሥ በዚህ ሰዓት ለጦርነት ቢቸኩል አይፈረድበትም። እናት ግን አትዋጋ፣ ገብረህ አገርህን ጠብቅ ብለው መከሩ። ልጅም ሰሙ። ጅማ ገበረች፤ በውስጥ አስተዳደሯም አባ ጅፋር እስከሞቱበት እስከ 1932 ድረስ የራሷን ንጉሥ ይዛ ቆየች። የሒርማታ ገበያም ደራ። (ከሚሸጠው መካከል ባሮችም እንደነበሩበት መሸሸግ አይገባንም።)

የተወለዱባት ጉማ ሌላ መንገድ ያዘች። በ1880ዎቹ በጦር ተያዘች፤ የአመጿ እሳትም እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ አልጠፋም።

ምክሩም ዋጋ አስከፍሏል። የገበረ ንጉሥ አብሮ ይዘምታልና የጅማ ጦር በ1889 ኩሎ፣ በ1894 ወላይታ፣ በ1897 ደግሞ ካፋ ዘመተ። በመጨረሻው ዘመቻ የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ። ከአባ ጅፋር ሚስቶች አንዷ፣ ማለትም ከጌኔ ጉሚቲ ምራቶች አንዷ፣ የካፋ ንጉሥ ልጅ ነበሩ።