ቻርልስ ፒርሰን፤ በምድር ሥር ለሚሄድ ባቡር የተሟገተ ጠበቃ

በአንድ ከተማ ውስጥ ሀብት የሚበዛው ፋብሪካና ባንክ በመቆሙ ብቻ አይደለም። በየማለዳው ሠራተኛው ከቤቱ ተነሥቶ በሰዓቱ ከሥራው ቦታ መድረስ አለበት። ይህን ቀላል የሚመስል ነገር አስቀድሞ ተረድቶ ዕድሜውን ለዚሁ ጉዳይ የሰጠ ሰው የለንደኑ ቻርልስ ፒርሰን ነው። ሥራውና ልፋቱ ለተማሪ ብዙ የሚያስተምር ስለሆነ ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፒርሰን በ1793 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ የቤት ዕቃ በጨርቅ የሚያለብስ ባለሙያ ነጋዴ ነበር። ልጁም በመጀመሪያ ያባቱን ሙያ መማር ጀምሮ ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ሕግ ትምህርት አዘነበለና በ1816 በጥብቅና ሥራ ገባ። በሚከተለው ዓመት ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠ። በ1839 የከተማው ማዘጋጃ ቤት የሕግ ሹም ሆኖ ተሾመ፤ ከዚህም ሥራ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየም።

ገና ከወጣትነቱ ጀምሮ በደል ሲፈጸም አይቶ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር። በፍርድ ቤት የሚቀመጡት የጁሪ አባሎች እየተመረጡ ለመንግሥት እንዲያደሉ መደረጉን ተቃወመ። አይሁድ በከተማው ውስጥ በድለላ ንግድ እንዳይሠሩ የሚከለክለው ደንብ እንዲነሣ ተከራከረ። በ1666 ለንደንን ያጠፋውን ቃጠሎ ያስነሡት ካቶሊኮች ናቸው የሚል ጽሑፍ በመታሰቢያው ሐውልት ላይ ተቀርጾ ይኖር ነበር፤ ይህም በ1830 የተፋቀው እርሱ በምክር ቤት ባደረገው ጥረት ነው። በ1847 ደግሞ ለፓርላማ ተመርጦ ለሦስት ዓመት ያህል አገለገለ።

ታላቁ ሥራው ግን የመጓጓዣው ጉዳይ ነው። በ1801 የለንደን ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1851 ከ2 ሚሊዮን ከ300 ሺህ በላይ ሆነ። በዚያው በ1851 በተደረገው ቈጠራ በእንግሊዝ አገር የከተማ ነዋሪ ከባላገሩ በልጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ከገጠር የመጣው ሕዝብ ሁሉ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማው መካከል ተጠጋ። በእግሩ ሄዶ ከሥራው መድረስ ስለ ነበረበት ርቆ መኖር አይችልም። በፈረስ የሚሳበው የሕዝብ ሠረገላ ዋጋው ለሠራተኛው ኪስ የሚከብድ ነበር። የባቡር ጣቢያዎችም የተሠሩት በከተማው ዳርቻ ነበር። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ቤተ ሰብ ይታጎር ጀመር፤ ኪራዩ ተወደደ፤ በሽታም በዛ።

ፒርሰን ይህን አይቶ የመኖሪያ ቤት ችግርና የመንገድ ችግር አንድ መሆናቸውን ተረዳ። ርካሽ ባቡር ቢኖር ሠራተኛው ከከተማው ውጭ ንጹሕ አየር ባለበት ስፍራ፥ አትክልት ካለው ትንሽ ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል። መንገዱ ግን በጋሪና በሠረገላ ተጨናንቋል፤ ስለዚህ ባቡሩ በምድር ሥር ይሂድ አለ። በ1845 ያወጣው ዕቅድ በፍሊት ሸለቆ የሚያልፍ፥ ጢስ እንዳይኖረው በአየር ግፊት የሚነዳ ባቡር ነበር። ብዙ ሰው ሣቀበት። በ1846 ጉዳዩን የመረመረው የመንግሥት ኮሚሲዮን ባቡር ወደ ከተማው መካከል እንዲገባ አልፈቀደም።

ጠበቃው ግን ሙግቱን አልተወም፤ ማስረጃ ፍለጋ ሄደ። ወደ ከተማው በሚያስገቡት መንገዶች ላይ ሰዎች አቁሞ የሚገባውን ሕዝብ አስቈጠረ። በቀን 44,000 ያህሉ በሕዝብ ሠረገላ፥ 200,000 ያህሉ ግን በእግራቸው የሚገቡ ሆነው ተገኙ። ይህ ቍጥር ከብዙ ንግግር ይልቅ የሚያሳምን ሆነ፤ ፓርላማውም በ1854 የሜትሮፖሊታን ባቡር ኩባንያን ሥራ ፈቀደ። ነገር ግን ያን ጊዜ የክሪሚያ ጦርነት ስለ ነበር ገንዘብ የሚያወጣ ጠፋ። ፒርሰን እንደገና ጽፎ አሳተመ፤ ባለጠጎቹንም ደጋግሞ ለመነ። በ1859 ማዘጋጃ ቤቱ የ200,000 ፓውንድ አክሲዮን እንዲገዛ አደረገ። በ1860 ሥራው ተጀመረ።

አሠራሩም እንዲህ ነበር። መንገዱ ይቈፈራል፤ በግራና በቀኝ የጡብ ግድግዳ ይቆማል፤ ከላይ በቅስት ይከደንና አፈር ተመልሶበት መንገድ ይሆናል። በመስመሩ ላይ የነበሩት የድኾች ቤቶች ግን ፈረሱ። ባለቤቶቹ ካሣ ተቀበሉ፤ በሳምንት ኪራይ ይኖር የነበረው ድኻ ግን በሕግ የሚጠይቀው ነገር ስላልነበረው ጓዙን ተሸክሞ ከዚያው አጠገብ ወዳለው፥ ይበልጥ ወደ ተጨናነቀው መንደር ገባ። ፒርሰን ሊያድነው ያሰበው ሰው የልማቱን ዕዳ አስቀድሞ ከፈለ። የታሪኩ መራራ ክፍል ይህ ነው፤ ፒርሰንንም ስናመሰግን ልንሸፍነው አይገባም።

በሰኔ 1862 የፍሊት የቈሻሻ ውሃ ቦይ ፈንድቶ ሥራውን አጥለቀለቀው። በመስከረም 14 ቀን 1862 ፒርሰን ሞተ። ከአራት ወር በኋላ፥ በጥር 10 ቀን 1863፥ ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን 6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መስመር ለሕዝብ ተከፈተ፤ በዚያ ቀን ብቻ 38,000 ሰው ያህል ተሳፈረበት። በሕይወቱ ሳለ ኩባንያው ሊሰጠው ያሰበውን ሽልማት አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ግን ለሚስቱ በዓመት 250 ፓውንድ ተቈረጠላት።

የለፋለት ርካሽ ቲኬትስ? በ1864 ኩባንያው በማለዳ ለሚሄዱ ሠራተኞች መሄጃና መመለሻው በ3 ፔንስ የሆነ ባቡር አቆመ። ይሁን እንጂ ይህ በባቡር ኩባንያዎች ሁሉ ላይ ግዴታ እንዲሆን የወጣው ሕግ የጸናው በ1883 ነው፤ ይህም ፒርሰን ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሐዲዱን ለመዘርጋት ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ጊዜ ሲበቃ፥ ድኻው በመብቱ እንዲሳፈርበት ለማድረግ ሃያ ዓመት ፈጀ።

እንግዲህ ነገ መንገድ ቀያሽ፥ ሕግ ዐዋቂ ወይም ሒሳብ ሹም የምንሆን ተማሪዎች ከዚህ ጠበቃ ሕይወት አንድ ልማድ ብንወስድ መልካም ነው። እርሱ የባቡሩን ዋጋ ከማስላቱ አስቀድሞ በእግሩ የሚሄደውን ሰው ቈጠረ። በሚያድግ ከተማ አዲስ መንገድ ሲታሰብ የሚሳፈርበት ማን እንደ ሆነ፥ ቲኬቱ ከደመወዙ ምን ያህሉን እንደሚወስድ፥ ቤቱ የሚፈርስበትም ሰው ወዴት እንደሚሄድ ከቍፋሮው በፊት መጠየቅ አለበት። ከቍፋሮው በኋላ የተጠየቀ እንደ ሆነ፥ መልሱ ምን ያህል እንደሚዘገይ የለንደን ድኻ አይቶታል።