ያለ ገመድ ማዕበል የጋለበው ዱክ ካሃናሞኩ

ዱክ ማለት በእኛ መስፍን እንደ ማለት ነው። ለዚህ ሰው ግን ማዕረጉ ሳይሆን ካባቱ የወረሰው ስሙ ነው። ዱክ ካሃናሞኩ እ.ኤ.አ. በ1890 ዓ.ም. በሐዋይ ደሴቶች፣ በሆኖሉሉ ከተማ ተወለደ። ያደገው ዋይኪኪ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ነው። የዚያ አገር ጨዋታ እንዲህ ነው፦ ረዥም ጣውላ ላይ በደረት ተኝቶ በእጅ እየቀዘፉ ወደ ባሕሩ መግባት፣ ማዕበሉ ሲነሣ ብድግ ብሎ መቆምና እስከ ዳር እየተንሸራተቱ መመለስ።

ዛሬ ይህን የሚጫወት ሰው አንድ እግሩን ከጣውላው ጅራት ጋር በገመድ ያስራል። ቢወድቅም ጣውላው ጥሎት አይሄድም። በዱክ ዘመን ግን ይህ የለም። የወደቀ ሰው ጣውላውን ማዕበል ይወስድበታል፤ እሱም ዋኝቶ መድረስ ነው እንጂ ሌላ ምን ምርጫ አለው! ታዲያ እንዲህ ያደገ ሰው በ1912 በስቶክሆልም፣ በ1920 ደግሞ በአንትወርፕ ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ወርቅ ቢወስድ ምን ይገርማል? በ1924 ፓሪስ ላይ በጆኒ ዋይዝሙለር ተቀድሞ ብር አገኘ። በመካከሉም አውስትራሊያ ሄዶ፣ ሲድኒ አጠገብ ከእንጨት ጣውላ ጠርቦ ጨዋታውን ለሕዝብ አሳይቷል።

ከሜዳልያው ሁሉ የሚበልጠው ግን ሰኔ 14 ቀን 1925 የሠራው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኒውፖርት በተባለው ወደብ መግቢያ፣ ቴልማ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ጀልባ 29 ሰው እንደ ጫነች በማዕበል ተገለበጠች። ዱክ ከዳር ሆኖ አየ። ጣውላውን ይዞ ገባ፤ የሚሰምጡትን እየጎተተ ጣውላው ላይ አወጣ፤ ዳር አድርሶ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ 8 ነፍስ አዳነ። ጓደኞቹ 4 አወጡ፤ 17ቱ ሞቱ። ያን ቀን ጣውላው አንድ ጊዜ ከእጁ ቢያመልጥ ኖሮ ቁጥሩ ምን ይሆን ነበር?

ኋላ በ1930ዎቹ ይጋልበው የነበረው ጣውላ ቁመቱ 16 ጫማ፣ ክብደቱ 114 ፓውንድ ነው፤ ከግማሽ ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። እሱ ጥሎህ ሲሄድ ዳር ያለ ዋናተኛ ቢመታስ?

ዱክ በ1968 ዓ.ም. በ77 ዓመቱ ሞተ፤ ዐመዱም ዋይኪኪ ባሕር ላይ ተበተነ። ገመዱ የተስፋፋው ከሱ በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። መጀመሪያ የሐኪም ቤት የላስቲክ ቱቦ ነበረና እንደ ወንጭፍ ተስቦ ጣውላውን ወደ ባለቤቱ ይወረውረው ነበር። ካሊፎርኒያዊው ጃክ ኦኒል በ1971 አንድ ዓይኑን ያጣው በዚሁ ነው። አሁን የሚሠራው ብዙ ከማይሳብ ፕላስቲክ ነው። ሲመርጡትም ቁመቱ ከጣውላው እኩል ወይም ጥቂት የሚበልጥ ይሁን፤ ካጠረ ጣውላው በራስ ላይ ይመለሳል፣ ከረዘመ ውኃ ውስጥ እየተጎተተ ያዘገያል። ለትንሽ ማዕበል ቀጭኑ ይበቃል፤ ለትልቁ ግን ወፍራሙ ነው፣ ቀጭኑ ይበጠሳላ። እንደ ዱክ ባለ ረዥም ጣውላ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚራመድ ሰው ደግሞ ከቁርጭምጭሚቱ ይልቅ ከጉልበቱ በታች ቢያስረው እግሩ አይጠላለፍም።