ነርሷ ልዕልት፦ የፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ሕይወትና አሟሟት

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንና ከወይዘሮ መነን አስፋው በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ፤ ሃያ ሦስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ አረፉ። ስለ እርሳቸው የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያልቃል፤ ነርስነትን የተማሩ ልዕልት እንደነበሩና በወሊድ እንደሞቱ። የመጀመሪያው አያከራክርም። ሁለተኛው ግን ቀናትን ማመሳከር ይጠይቃል።

በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ልዕልቲቱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳሉ በእናታቸው የበላይ ጠባቂነት በተቋቋመው የሴቶች ማኅበር ውስጥ ለዘማቾች የቁስል ፋሻ በማዘጋጀት ሥራ ተሰልፈዋል። አገሪቱ ስትያዝ ከቤተሰባቸው ጋር ተሰደው እንግሊዝ ገቡ። በስደት ላይ ያለ የንጉሥ ልጅ ክብሩን ጠብቆ ቤት ቢቀመጥ የሚወቅሰው አልነበረም፤ እርሳቸው ግን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተራ የነርስ ተማሪ ሆነው ተመዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1939 የሕፃናት ነርስነት ምስክር ወረቀት ተቀበሉ፤ ከዚያም ጠቅላላውን ነርስነት ለመማር ወደ ጋይስ ሆስፒታል ተዛወሩ።

የሥልጠናቸው ዘመን ከእናቶች ሕክምና ታሪክ አንፃር ልብ ሊባል ይገባል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በእንግሊዝና በዌልስ ከአሥር ሺህ ወሊድ ከ40 በላይ እናቶች ይሞቱ ነበር። ልዕልቲቱ እንግሊዝ በገቡበት በ1936 እ.ኤ.አ. ሌናርድ ኮልብሩክ የተባሉት ሐኪም በለንደኑ ክዊን ሻርሎት የወላዶች ሆስፒታል የሰልፋ መድኃኒት የወሊድ ትኩሳትን እንደሚያድን አሳዩ፤ ከዚያ ዓመት ወዲህም የእናቶች ሞት በፍጥነት ማሽቆልቆል ጀመረ። እንግዲህ ፀሐይ የእናቶች ሞት የማይቀር ዕጣ አለመሆኑ በተጨባጭ እየተረጋገጠ ባለበት ከተማ ነርስነትን ተማሩ። ሆኖም የተመረቁበት ሙያ የሕፃናት እንክብካቤ ነበር፤ አዋላጅነት በእንግሊዝ የራሱ ሥልጠናና የራሱ ምዝገባ ያለው ሌላ ሙያ ነው።

ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከአቢይ አበበ ጋር ተጋቡ፤ ባለቤታቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ በመሾማቸውም አብረው ወደ ነቀምቴ ወረዱ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለዘመናዊ ሕክምና ፈጽሞ እንግዳ አልነበረችም፤ ከወረራው በፊት የስዊድን ሚስዮናውያን በዚያ ሕሙማንን ያክሙ ነበር። ወረራው ግን ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጥቷል፤ አስተዳደሩም ገና ከፍርስራሽ እየተነሣ ነበር። ልዕልቲቱ የታመሙትና የሞቱት በዚህ ሁኔታ፣ በክረምቱ አጋማሽ ነው።

ከሠርጉ እስከ ዕረፍታቸው ያለው ጊዜ 113 ቀን፣ ማለትም አራት ወር እንኳ ያልሞላ ነው። ስለዚህ በብዙ ጽሑፎች በወሊድ ሞቱ የሚለው አነጋገር ቃል በቃል ሊወሰድ አይችልም፤ ለሞት ያበቃቸው ገና በመጀመሪያ ወራቱ ላይ የነበረ እርግዝና ነው። የፅንስ መጨንገፍንና የደም መፍሰስን የሚያወሱት ዘገባዎች ከቀኑ ስሌት ጋር የተሻለ ይስማማሉ። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ወሊድ የሚለው ቃል አደጋውን ወደ ምጥ ሰዓት ይሰበስበዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ደግሞ ምንም እንደማያሰጉ ያስመስላል። በእነዚህ ወራት ግን ፅንስ ሲጨነግፍ ከፊሉ በማኅፀን ውስጥ ከቀረ ማኅፀን በሚገባ ስለማይኮማተር ደሙ አይቆምም፤ የቀረውም አካል ለመመረዝ በር ይከፍታል። ፅንሱ በማኅፀን ቱቦ ውስጥ ከተያዘና ቱቦው ከተቀደደ ደሙ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ ሴቲቱን የሚያተርፋት ቀዶ ሕክምናና ደም ብቻ ነው። ሆዷ ገና ያልገፋ ሴት ስትደማ እርጉዝ መሆኗን የሚያስብ ሰው እንኳ ላይኖር ይችላል።

በዚያው ዓመት፣ ልዕልቲቱ ከመዳራቸው አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ ፅንስ ጨንግፎባት ደሟ የተመረዘ ሴት በፔኒሲሊን ከሞት ተርፋለች፤ መድኃኒቱ በዚያ አገር ሕይወት ሲያድን የመጀመሪያው ነበር። በኢትዮጵያ የደም ባንክ በቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ደግሞ በ1960ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ ነው። የንጉሠ ነገሥት ልጅነትም ሆነ የነርስነት ዕውቀት እነዚህን ሊተካ አይችልም ነበር። ነርሷ ራሷ በምትደማበት ሰዓት ታካሚ እንጂ አካሚ አይደለችም።

ሐዘኑ ሥራ እንዲወልድ ካደረጉት ሰዎች ዋነኛዋ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናቸው። በኢትዮጵያ ዘንድ የሚታወቁት በፀረ ፋሺስት ትግላቸው ነው፤ ይሁንና ከወረራው አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ በእንግሊዝና በዌልስ በየዓመቱ በወሊድ ምክንያት ስለሚሞቱ ሦስት ሺህ ያህል እናቶች መጽሐፍ ጽፈው ነበር። ስለዚህ ለልዕልቲቱ መታሰቢያ የሚሆን ሆስፒታል እንዲሠራ በብሪታንያ ገንዘብ ማሰባሰብ ሲጀምሩ ለዘመናት የታገሉለትን ሁለት ጉዳይ በአንድ ላይ ያዙ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1959 በዚህ ሆስፒታል ውስጥ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ሁለት የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች፣ ኒውዚላንዳዊው ሬጂናልድ ሐምሊንና አውስትራሊያዊቷ ባለቤታቸው ካትሪን፣ አዲስ አበባ ገቡ። ልዕልቲቱ ያልተማሩት ሙያ በስማቸው በተጠራው ቤት መሰጠት የጀመረው በዚህ መንገድ ነው። ሐኪሞቹ በዚያ ያገኟቸው ሕሙማን ግን ያሰቡትን ሥራ ቀየሩት። ለቀናት የዘለቀ ምጥ የሕፃኑን ራስ በዳሌ አጥንት ላይ አጣብቆ ሲያቆይ በፊኛና በብልት መካከል ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ሽንት ሳይቋረጥ ይፈስሳል። ከሞት የተረፉት እናቶች ከሩቅ አገር በእግርና በአውቶቡስ እየመጡ የሆስፒታሉን በር አንኳኩ። ባልና ሚስቱ ቀዶ ሕክምናውን በዚያው ተምረው አሻሻሉት፤ የሕሙማኑ ቁጥር ሲበዛም ለእነርሱ ብቻ የሚሆን ሌላ ሆስፒታል ሠሩ፤ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1974 ሥራ ጀመረ።

ከአብዮቱ በኋላ የመታሰቢያው ሆስፒታል ለሠራዊቱ ተሰጥቶ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። አካባቢውም ዛሬ በከተማው ሰው ዘንድ የሚታወቀው ጦር ኃይሎች በሚለው ስም ነው።