ጆርጅ ደ ሄቬሺ

ጆርጅ ደ ሄቬሺ (ኦገስት 1 ቀን 1885 – ጁላይ 5 ቀን 1966 እ.ኤ.አ.) በሀንጋሪ፣ ቡዳፔስት የተወለደ ኬሚስት ነበር። አንድ ንጥረ ነገር በሕያው አካል ውስጥ ወዴት እንደሚሄድና የት እንደሚከማች በራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ የመከታተልን ዘዴ በመፍጠሩ የ1943 የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ተሰጥቶታል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘዴው አጀማመር

በ1908 ከፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አገኘ፤ በ1911 ወደ ማንቸስተር፣ ወደ ኧርነስት ራዘርፎርድ ላቦራቶሪ ሄደ። ራዘርፎርድ ራዲየም ዲ የተባለውን ነገር ከእርሳስ እንዲለይለት ጠየቀው። ራዲየም ዲ ራሱ የእርሳስ አይሶቶፕ ስለነበር ብዙ ቢደክምም አልተሳካለትም። ሄቬሺ ግን የማይለያዩ ከሆነ ጥቂቱን ከእርሳስ ጋር ቀላቅሎ፣ በጨረሩ እርሳሱ የደረሰበትን ማወቅ እንደሚቻል ተረዳ። በ1913 ከፍሪትዝ ፓኔት ጋር በቪየና ሞከረው።

ከባቄላ እስከ አጥንት

በ1923 በኮፐንሃገን ራዲዮአክቲቭ እርሳስ ያለበትን ውሃ ለባቄላ ሰጠ፤ አብዛኛው እርሳስ ሥሩ ላይ ቀረ። በ1924 ከባልደረቦቹ ጋር፣ በዘመኑ የቂጥኝ መድኃኒት የነበረው ቢስመዝ በጥንቸል አካል ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ ተከታተለ። በ1935 ከኦሌ ኪቪትዝ ጋር ለአይጦች ፎስፈረስ-32 ሰጥቶ በየብልቱ ያለውን ለካ። በአካል ውስጥ ከቀረው ትልቁ ድርሻ አጥንት ውስጥ ተገኘ።

በጦርነቱ ጊዜ

ጀርመን በ1940 ዴንማርክን ስትይዝ፣ የማክስ ፎን ላውንና የጄምስ ፍራንክን የኖቤል ሜዳልያዎች በአሲድ አሟሙቶ ደበቀ። ወርቁ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ሜዳልያ ሆነ። የአይሁድ ዘር የነበረው ሄቬሺ በ1943 ወደ ስዊድን ሸሸ።

ለሕክምና ያለው ትርጉም

ራዲዮአክቲቭ የካንሰር መድኃኒት ወደ እባጩ ብቻ አይሄድም። አዮዲን-131ን የእንቅርት እጢ ይስበዋል፤ የምራቅ እጢዎችም ይወስዱታል። ሉቴሺየም-177 የተያያዘባቸው መድኃኒቶች ደግሞ በኩላሊት ሲጣሩ ከፊላቸው ተመልሶ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ለሕመምተኛው የሚሰጠውን መጠን የሚወስነው እባጩ ብቻ ሳይሆን ጤነኛው ብልት ሊሸከመው የሚችለው ጨረር ጭምር ነው። ይህን ለማወቅ ሐኪሞች ዛሬም የሄቬሺን ዘዴ ተከትለው በየብልቱ የተከማቸውን ይለካሉ።