ሉድቪግ ቶማ፤ የቅዱሱን ሌሊት የጻፈው የባቫሪያ ሰው

በጀርመን አገር በስተደቡብ፣ ከአልፕ ተራሮች ግርጌ በሚገኘው በባቫሪያ፣ የዲሴምበር ወር በገባ ቁጥር ሕዝቡ ምሽት ምሽት በየመንደሩ አዳራሽና በየቤተ ክርስቲያኑ ይሰበሰባል። ወንዶቹ ከጉልበት በላይ የሚቀር የቆዳ ሱሪና አረንጓዴ ክሳድ ያለው ግራጫ ኮት፣ ሴቶቹ ደግሞ ደረቱ በክር የሚታሰር ቀሚስና ከላዩ ሽርጥ ለብሰው ይመጣሉ። አንድ ሰው ከጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ረጅም ግጥም ያነባል፤ በመካከሉም መሰንቆና ክራር መሰል መሣሪያዎች ይመታሉ። ግጥሙ እመቤታችን ማርያምና ዮሴፍ ማደሪያ ፍለጋ እንዴት እንደ ተንከራተቱ የሚናገር ነው። ነገር ግን መንገዱ የይሁዳ መንገድ አይደለም፤ በረዶ እስከ ጉልበት የሞላበት የባቫሪያ ጫካ ነው። ቋንቋውም የዚያው አገር ገበሬ ቋንቋ ነው።

የዚህ ግጥም ደራሲ ሉድቪግ ቶማ ይባላል። ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል። አንባቢ ሆይ፣ የዚህን ሰው ሕይወት መተረክ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ ስንደርስ ታየዋለህ። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቶማ የተወለደው ጃንዋሪ 21 ቀን 1867 ዓ.ም. በኦበርአመርጋው ነው። አባቱ ማክስ ቶማ የመንግሥት የደን ሹም ነበረና ልጁ ያደገው በኢዛር ወንዝ አጠገብ፣ ለቲሮል ወሰን በቀረበው በፎርደሪስ በሚገኘው የደን ሹም ቤት ነው። በዚያ ሸለቆ ከጫካ፣ ከአጋዘንና ከአዳኞች በቀር ብዙ ነገር አልነበረም። ዝነኛው የባቫሪያ ንጉሥ ዳግማዊ ሉድቪግ እንኳ ከሰው ለመሸሽ ሲፈልግ ወደዚያው ይመጣ ነበርና ሕፃኑ ቶማ ንጉሡን በዓይኑ ለማየት በቅቷል። ከቤቱ የሚወጡትና የሚገቡት አዳኞች ሁሉ የቆዳ ሱሪ የታጠቁ፣ ባርኔጣቸው ላይ የተራራ ፍየል ጠጉር የሰኩ ናቸው። ለእርሱ ይህ ልብስ የበዓል ልብስ አልነበረም፤ የአባቱ ልብስ ነበረ።

ገናም በዚያ ቤት ታላቅ ነገር ነበረ። በዚያ አገር ልማድ ልጆች በክረምቱ ሁለት ጊዜ ልባቸው ይንጠለጠላል። መጀመሪያ ዲሴምበር 6 በሚውለው በቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል፣ የጳጳስ ልብስ የለበሰ ሰው በየቤቱ እየገባ ልጆቹ በዓመቱ ውስጥ ያደረጉትን ይመረምራል፤ ለደጉ ልጅ ፖምና ለውዝ ይሰጣል። ከኋላው ግን ቀንድ ያለው፣ ሰንሰለት የሚጎትት አስፈሪ ፍጥረት ይከተለዋል፤ ይህንንም ክራምፑስ ይሉታል። ሁለተኛው ዲሴምበር 24 ምሽት ነው። አባትና እናት አንዱን ክፍል ቆልፈው የጥድ ዛፍ በሻማ ያስጌጣሉ፤ ልጆቹ ከበሩ ውጭ በጨለማ ሆነው ይጠብቃሉ። ደወል ሲደወል በሩ ይከፈታል፤ ስጦታውን ያመጣውም ሕፃኑ ክርስቶስ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በአንድነት ይዘምርና ፋኖስ ይዞ በበረዶው ላይ ወደ እኩለ ሌሊቱ ጸሎት ይሄዳል። ቶማ በ1919 ባሳተመው የትዝታ መጽሐፉ ስለ ልጅነቱ ቤት በታላቅ ፍቅር ጽፏል።

ይህ ደስታ ብዙ አልቆየም። ልጁ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው በ1874 አባቱ ሞተ። እናቱ ካታሪና ብዙ ልጆች ይዛ ቀረች፤ እርስዋ ግን የእንግዳ ማረፊያ ቤት ባለቤቶች ልጅ ነበረችና እጅዋን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በመጀመሪያ በፕሪን፣ በኋላም በትራውንሽታይን የእንግዳ ማረፊያ ቤት ይዛ ልጆቿን አሳደገች። ቪክቶሪያ የተባለች አንዲት ታማኝ የቤት ሠራተኛም ከቤተሰቡ አልተለየችም። ልጁ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ተላከ። ጠባዩ ያስቸገረ ተማሪ ነበረ። ከዓመታት በኋላ በ1905 ይህንኑ ክፋቱን «የወስላታው ልጅ ታሪኮች» ብሎ በማሳተም ጀርመንን ሁሉ አስቋል፤ እኔም ይህን መጽሐፍ ከሥራዎቹ ሁሉ አስቀድመዋለሁ። ለእንደዚህ ያለ ልጅ ገና ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ቤት መመለስ ነበረ ብንል ስሕተት አይሆንም።

እንደ አባቱ የደን ትምህርት ጀምሮ ተወውና ሕግ አጠና። በ1894 እናቱ ሞተች፤ በዚያው ዓመት ከሙኒክ አጠገብ ባለችው በዳኻው ከተማ በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ክፍል ተከራይቶ የጥብቅና ሥራ ጀመረ። በከተማዪቱ ከዚያ በፊት ጠበቃ አልነበረም። ዳኻውን የመረጠው ገንዘብ ይገኝባታል ብሎ አይደለም። ገበሬዎቹን አይቶ ወዶ ነው። የዳኻው ሴቶች ቀሚስ በብዙ እጥፋት የተሰፋ፣ ሸክም የሚሆን ከባድ ነበረ። ወንዶቹ የብር ቁልፍ የተደረደረበት ሰደርያና ረጅም ቡት ጫማ አድርገው ወደ ገበያ ይመጣሉ። ሠዓሊዎችም ይህንኑ ለመሣል ከየአገሩ ወደዚያ ይጎርፉ ነበረ። ሠዓሊው ቀለሙን ሲያይ፣ ጠበቃው ግን ከሰደርያው በታች ያለውን ሰማ። የድንበር ክርክር፣ የዕዳ ጣጣ፣ የወንድማማች የርስት ጠብ። በ1897 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ «አግሪኮላ» ከዚሁ የተገኘ ነው። ገበሬውን መልአክ አላደረገውም፤ ስስቱንም እልከኝነቱንም ጽፎታል። በ1906 ያሳተመው «አንድሬያስ ፌስት» የተባለው ልብ ወለድ፣ ከቄስ ጋር የተጣላ አንድ ገበሬ በእልህና በግፍ መካከል እንዴት እንደሚጠፋ ያሳያል።

እዚህ ላይ ስለ ልብሱ ጥቂት ልበል። ብዙ ሰው የባቫሪያ ባህላዊ ልብስ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የመጣ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከ1848 እስከ 1864 የነገሠው ዳግማዊ ማክሲሚልያን፣ ሕዝቡ ባቫሪያዊ ነኝ እንዲል በማሰብ ይህን ልብስ በብርቱ ደገፈ። ይሁን እንጂ የፋብሪካ ልብስ እየበዛ ሄዶ አጭሩ የቆዳ ሱሪ ሊጠፋ ተቃረበ። በ1883 በባይሪሽሴል መንደር ዮሴፍ ፎግል የተባለ መምህር ጓደኞቹን ሰብስቦ ልብሱን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋመ፤ ከዚያም ማኅበሩ በየሸለቆው ተዛመተ። አንዳንድ ቀሳውስት ጉልበት የሚያሳይ ሱሪ ነውር ነው ብለው ተቆጥተው እንደ ነበረ ስናነብ ፈገግ እንላለን፤ ዛሬ በዚያው ሱሪ ወደ ቅዳሴ ይገባልና። የከተማ ሰው ልብሱን እንዲወድ ካደረጉት መካከል ደግሞ ዩልየስና ሞሪትስ ቫላኽ የተባሉ ወንድማማች አይሁዳውያን ነጋዴዎች ይገኛሉ። በ1900 በሙኒክ የባህል ልብስ መደብር ከፈቱ፤ የኦክቶበር በዓል መቶኛ ዓመት በ1910 ሲከበር ለሰልፉ የሚሆነውን የባህል ልብስ ያዘጋጁት እነርሱ ነበሩ። የገረዶች የሥራ ልብስ የነበረው ዲርንድል የወይዘሮዎች ልብስ እንዲሆን ብዙ ደክመዋል። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልኝ።

ወደ ቶማ እንመለስ። በ1897 ወደ ሙኒክ ተዛወረ፤ በ1899ም «ሲምፕሊሲሲሙስ» በተባለው የፌዝ ጋዜጣ ሥራ ያዘ። ፔተር ሽሌሚል በሚል የብዕር ስም ቄሣሩን፣ መኮንኖቹን፣ ግብዝ ቀሳውስትን ሳይምር ይወጋ ጀመር። ስለ ግብረ ገብ ሰባኪዎች በጻፈው ግጥም ተከሶ በ1906 ስድስት ሳምንት በሽታደልሃይም ወኅኒ ቤት ታሰረ። በ1911 ደግሞ እስከ ዛሬ ባቫሪያውያን የሚስቁበትን ትንሽ ታሪክ ጻፈ። አንድ የሙኒክ ባቡር ጣቢያ ተሸካሚ ሞቶ መንግሥተ ሰማያት ይገባል፤ ቢራ አጥቶ ዝማሬው ስለ ሰለቸው ለባቫሪያ መንግሥት የእግዚአብሔርን ምክር እንዲያደርስ ወደ ምድር ይላካል፤ እርሱ ግን በመንገድ ቢራ ቤት ገብቶ እዚያው ይቀራል። መንግሥቱም እስከ ዛሬ ምክሩን ይጠብቃል።

በ1907 ማሪዬታ ዲ ሪጋርዶ የተባለች በማኒላ የተወለደች ተወዛዋዥ አገባ፤ በ1911 ተፋቱ። በ1908 በቴገርንዜ ሐይቅ አጠገብ ቱፍተን በተባለ ስፍራ፣ ወዳጁ ቀራፂው ኢግናትዩስ ታሽነር በነደፈለት መሠረት በገበሬ ቤት አሠራር ቤት ሠራ። ዶክተር ቶማ የሚባለው የሕግ ሰው በዚያ እንደ አዳኝ ኖረ። በፎቶግራፎቹ የምናየው የቆዳ ሱሪ ለብሶ፣ ፒፓ ጎርሶ ነው። ከአባቱ የወረሰውን ልብስ የለበሰ ልጅ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጅ የለውም፣ ሚስትም አልነበረችውም። በዚያ ትልቅ ቤት የገናን ሌሊት ለብቻ ማሳለፍ ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም።

በ1914 ጦርነቱ ሲነሣ ሰውየው ተለወጠ። የቄሣሩን መኮንኖች ያፌዝባቸው የነበረው ደራሲ በ1915 በፈቃዱ የሕክምና ረዳት ሆኖ ወደ ምሥራቁ ጦር ግንባር ዘመተ፤ በተቅማጥ በሽታ ታሞም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው «ቅዱስ ሌሊት» የተባለውን የገና ግጥም ጽፎ የጨረሰው፤ በ1917 ታተመ። የግጥሙ ነገር ግልጽ ነው። ባለጠጎቹ በራቸውን ይዘጋሉ፣ ዘመድ እንኳ ፊቱን ያዞራል፣ የሚያስጠጉትና ሕፃኑን የሚያዩት ድሆች ብቻ ናቸው። ብዙ ቤት ልጁን ወይም አባቱን በጦር ሜዳ ባጣበት ዘመን ይህ ቃል ልብ ሰብሮ ገባ። ይሁንና ያንኑ ዓመት፣ በ1917፣ ቶማ ጦርነቱ ያለ ዕርቅ እንዲቀጥል ከሚሻው የአባት አገር ፓርቲ ጋር ተባበረ።

በ1918 ጀርመን ተሸነፈች፤ ንጉሡ ወረደ። በዚያው ዓመት በበጋ፣ ከብዙ ጊዜ በፊት ያወቃትን ማይዲ ፎን ሊበርማንን እንደገና አገኘ። የሰው ሚስት ናት፤ የፍራንክፈርት የወይን ጠጅ ነጋዴዎች ልጅ፣ በትውልዷም አይሁዳዊት ናት። እጅግ ወደዳት፤ ብዙ ደብዳቤም ጻፈላት፤ ነገር ግን ሊጋቡ አልቻሉም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደረስን። ከ1920 በጋ ጀምሮ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ቶማ «ሚስባኸር አንትሳይገር» በተባለ በአንድ የገጠር ጋዜጣ ስሙን ሳይገልጽ ከ150 የሚበልጡ ጽሑፎች አወጣ። በእነዚያ ጽሑፎች ሪፑብሊኩን፣ በርሊንን፣ ሶሻሊስቶችን፣ ከሁሉም ይልቅ አይሁዶችን በሚዘገንን ስድብ ሰደበ። ያ በፌዝ የሠለጠነ ብዕር ለጥላቻ ሲውል ከሌላው ሰው ብዕር ይልቅ የሚቆርጥ ሆነ። ተራራውን፣ የቆዳ ሱሪውን፣ የአባቱን ቤት በር አድርጎ ቆመና ማን ይገባል፣ ማን አይገባም እያለ ይፈርድ ጀመር። በግጥሙ ውስጥ በሩን የዘጉትን ባለጠጎች የወቀሰ ሰው ይኸው ነው። አንዳንዶች ሕመሙንና የልብ ብስጭቱን ምክንያት ያደርጉለታል። እኔ ግን ይህን አልቀበልም፤ ጽሑፎቹ የአንድ ቀን ቁጣ ሳይሆኑ ከዓመት በላይ በሐሳብ የተሠሩ ናቸውና።

ኦገስት 26 ቀን 1921 በቱፍተን ቤቱ በጨጓራ ካንሰር ሞተ፤ ዕድሜው 54 ነበረ። ኑዛዜው ሲከፈት ቤቱንና አብዛኛውን ሀብቱን ለማይዲ ፎን ሊበርማን ትቶላት ተገኘ። በጋዜጣ ወገኖችዋን ሲሰድብ የኖረው እጅ ያንን ኑዛዜ ፈርሟል።

ልብሱን ለከተማው ያስወደዱት የቫላኽ ወንድማማቾች መደብር በ1938 በናዚዎች ተነጠቀ። ሞሪትስ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። የቤተሰቡን የጨርቅ ማተሚያ በዳኻው ከተማ ይመራ የነበረው ወንድማቸው ማክስ ግን ከባለቤቱ ጋር ተይዞ ተወሰደ፤ በ1944 በአውሽቪትስ ተገደሉ። ቶማ ገበሬዎቿን ወዶ የኖረባት ዳኻውም ከ1933 ጀምሮ ስሟ በዓለም የታወቀው በሌላ ነገር ሆነ።

የጋዜጣው ጽሑፎች ደራሲ ማን እንደ ሆነ ጥቂቶች ያውቁ ነበረ፤ ሙሉው ግን ተሰብስቦ በመጽሐፍ የወጣው በ1989 ነው። የዚያን ጊዜ ባቫሪያ ደነገጠች። የሙኒክ ከተማ በስሙ ትሰጠው የነበረውን ሜዳልያ በ1990 ተወች። ስለ መንገዶችና ስለ ትምህርት ቤቶች ስያሜም ክርክር ተነሣ።

ግጥሙ ግን መነበቡን አልተወም። ይነበብ ወይስ ይቅር ለሚለው ጥያቄ የአገሩ ሰዎች እስከ ዛሬ አንድ መልስ አልሰጡም፤ አንዱ ሥራው ከሠሪው ይለያል ይላል፣ ሌላው ከዚያ ሰው አፍ የወጣ የገና ቃል አልሰማም ብሎ ይቀራል። እኔ ይነበብ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ነገር ግን አንባቢው ከመጀመሩ በፊት የሚስባኹን ጋዜጣ ስም ሊያነሣ ይገባዋል እላለሁ። ቶማ የተቀበረው በኤገርን ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ከሞተው ከደራሲው ወዳጁ ከሉድቪግ ጋንግሆፈር አጠገብ ነው።