ቤታቸውን አስከትለው የተጓዙት ሚስተር ዋሊ ባያም

ለቀራንዮ ሰው ተሳቢ ምን እንደ ሆነ መንገር አያስፈልግም። ከቀለበት መንገዱ ዳር ጥቂት የቆመ ሁሉ ሲሚንቶና ብረት የጫኑ ከባድ መኪናዎች ተሳቢያቸውን እያስከተሉ ሲያልፉ ያያል። በውስጥ ለውስጡ መንገድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጭነት አለ። ወሩ ሲያልቅ አልጋው፣ ፍራሹ፣ ምጣዱና ቁም ሣጥኑ በአንዲት አይሱዙ ላይ ተቆልሎ፣ የቤቱ እመቤት መስተዋቱን በጭኗ ላይ አድርጋ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ይዛወራል። እንዲህ ባለው ቀን ሰው የዕቃውን ብዛት ያውቃል። ስንት ዓመት ያልተነካ ድስት፣ ስንት እግሩ የተሰበረ ወንበር ይዞ ይኖር እንደ ነበረ የሚረዳው ሲያወርድና ሲያወጣ ነው።

ለኑሮ የሚበቃው ዕቃ ምን ያህል ነው የሚለውን ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመረምሩ የኖሩ፣ መልሱንም በሁለት ጎማ ላይ ሠርተው ያሳዩ አንድ አሜሪካዊ ነበሩ። ሚስተር ዋሊ ባያም ይባላሉ። ለዛሬው እሑድ የእኚህን ሰው ታሪክ የመረጥነው ያለ ነገር አይደለም። ባያም 41 ተሳቢ ቤቶች የተሰለፉበትን ጉዞ እየመሩ ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ተነሥተው፣ አገራችንን አቋርጠው፣ አዲስ አበባም ገብተው የሄዱ ሰው ስለ ሆኑ ነው።

ባያም የተወለዱት እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1896 በኦሬገን ክፍለ ሀገር ቤከር በምትባል ከተማ ነው። ገና ልጅ ሳሉ በግ ጠባቂ ሆኑ። በዚያ አገር የበግ ጠባቂ ሥራ እንደኛ አገር እረኛ ማታ ወደ ቤት የሚመለሱበት አይደለም፤ መንጋው ወደ ሄደበት እየሄዱ ለብዙ ቀን በሜዳ ማደር ነው። ስለዚህ ትንሹ ባያም በአህያ የምትጎተት ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ተሰጣቸው። በጋሪይቱ ውስጥ የነበረው አንድ የነጭ ጋዝ ምድጃ፣ አንድ መታጠቢያ ባልዲ፣ አንድ መኝታና ስንቅ ነው። ሌላ የለም። ከዚያ በኋላ በሕይወታቸው የሠሩት ሁሉ ይህችን ጋሪ መልሶ መሥራት ነበር ብንል ብዙ የተሳሳትን አይመስለንም።

ከእረኝነቱ በኋላ በንግድ መርከብ ተቀጥረው ሦስት ዓመት ያህል በባሕር ላይ ቆዩ። መርከብም ያው ጠባብ ክፍል ነው፤ አልጋው ግድግዳ ላይ ይታጠፋል፣ ዕቃው ሁሉ ቦታ ቦታ አለው፣ ማዕበል ሲመጣ እንዳይወድቅ ይታሰራል። ቀጥሎ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተማሩ። ከትምህርት ሲወጡ ግን ወደ ፍርድ ቤትም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤትም አልሄዱም፤ በሎስ አንጀለስ ማስታወቂያ እየጻፉ፣ በኋላም የራሳቸውን መጽሔቶች እያሳተሙ መኖር ጀመሩ። የእኛን ሙያ ይሠሩ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ስናነብ ትንሽ ደስ አለን።

ወደ ተሳቢ ሥራ ያስገባቸውም ይኸው የመጽሔት ሥራ ነው። ካሳተሟቸው መጽሔቶች በአንዱ ተጎታች ቤት በገዛ እጅ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ ወጣ። አንባቢዎች በንድፉ መሠረት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ የቅሬታ ደብዳቤም ይጎርፍ ጀመር። ባያም እንደ ሌላው አዘጋጅ ማስተካከያ ጽፈው ነገሩን ማለፍ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን መዶሻና መጋዝ ይዘው ንድፉን ራሳቸው ሞከሩት፤ የማይሆን መሆኑንም አረጋገጡ። በዚያው ሰሞን ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሪዮን ለሽርሽር ሲወጡ መሬት ላይ መተኛት አልወድም፣ ማብሰያም ያስፈልገኛል ብለው ነበር። ባያም በአሮጌ ፎርድ መኪና ሻንሲ ላይ መጀመሪያ ድንኳን ተከሉ። ድንኳኑ ለመትከል አስቸጋሪ ሆኖ፣ ዝናብ ሲመጣም የማያድን ሆኖ ባገኙት ጊዜ አፍርሰው በጠብታ ቅርጽ የተሠራች፣ ምድጃና የበረዶ ሣጥን ያላት ትንሽ የእንጨት ቤት ሠሩበት። መንገደኛው እያቆመ ይጠይቃቸው ነበር። ንድፉን እያሳተሙ ሸጡ፤ ጎረቤቶችም ሥራልን ይሉ ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1931 ካልቨር ሲቲ በምትባለው የካሊፎርኒያ ከተማ ፋብሪካ ከፈቱ። ስሙንም ኤርስትሪም አሉት፤ የአየር ጅረት እንደ ማለት ነው። ዘመኑ በአሜሪካ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የወረደበት፣ ባንክ የሚዘጋበት፣ ሥራ የሚጠፋበት ዘመን ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመዝናኛ ተሳቢ ለመሸጥ መነሣት ድፍረት ይመስላል። ሆኖም ቤቱን ያጣ ሰው በበዛበት አገር የሚንቀሳቀስ ቤት ፈላጊ አላጣም።

እዚህ ላይ የሌላ ሰው ስም መነሣት አለበት፤ ብዙዎች ሲዘሉት ስላየን ነው። እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀውን የአሉሚኒየም ተሳቢ መጀመሪያ የሠሩት ባያም አይደሉም። ሞተር የሌለው አውሮፕላን በመሥራት የታወቁት ሐውሊ ቦውለስ ናቸው። ቦውለስ ቻርለስ ሊንድበርግ አትላንቲክን ለብቻው የተሻገረበት አውሮፕላን ሲሠራ ሥራውን ከተቆጣጠሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። የአውሮፕላንን አካል ዘዴ ወደ ተሳቢ አምጥተው ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቆርቆሮ በሪቬት እየመቱ እንደ እንቁላል የተሟላ አካል አወጡ። ገበያው ግን አልሆነላቸውም፤ ከሰሩ። ባያም ንድፉን ወስደው አሻሻሉት። ቦውለስ በሩን ያደረጉት ከፊት፣ ከመሳቢያው ጋንጮ በላይ ነበርና ሰው ለመግባት ብረቱን መራመድ ነበረበት፤ ባያም በሩን ወደ ጎን አዛወሩት። እ.ኤ.አ. በ1936 ክሊፐር የተባለው ተሳቢ ወጣ። አራት ሰው ያስተኛል፤ የራሱ ውኃና የኤሌክትሪክ መብራት አለው፤ የምግብ ጠረጴዛው ማታ አልጋ ይሆናል። ዋጋው 1,200 ዶላር ነበር። ያን ጊዜ አዲስ ፎርድ መኪና በዚህ ዋጋ ግማሽ ያህል ይገኝ እንደ ነበረ ሲታሰብ፣ ቀላል ኑሮ ሁልጊዜ ርካሽ ኑሮ አለመሆኑን አንባቢ ይረዳዋል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አሉሚኒየም ለጦር አውሮፕላን ብቻ ሆነ፤ ጎማና ቤንዚንም በራሽን ገባ። ፋብሪካው ተዘጋ፤ ባለቤቱም በአውሮፕላን ፋብሪካ ተቀጥረው ሠሩ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሥራው እንደገና ሲጀመር ተሳቢው ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ለማሳየት የተነሣው ፎቶግራፍ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ታወቀ። አልፍሬድ ሌቱርኔር የተባለው ፈረንሳዊ የብስክሌት ተወዳዳሪ እ.ኤ.አ. በ1947 አንድ ሙሉ ተሳቢ ቤት በብስክሌቱ ሲጎትት የሚያሳይ ሥዕል ነው።

ባያም ግን ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጠው የሚያረጁ ሰው አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1951 ባለ ተሳቢዎችን አሰባስበው ከቴክሳስ ኤል ፓሶ ወደ መካከለኛው አሜሪካ ተነሡ። 63 ተሳቢዎች ጉዞውን ጀመሩ፤ የኒካራጓ ዋና ከተማ ማናጓ የደረሱት 14 ብቻ ናቸው። የቀሩት በመንገድ ተሰብረው ወይም ተማርረው ተመለሱ። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ይህን ውርደት ይደብቀው ነበር። ባያም የተሰበረውን ሁሉ አስተውለው ፋብሪካ ሲመለሱ አስጠገኑት፤ የሚቀጥሉት ተሳቢዎች የበለጠ ጠንካራ ሆነው ወጡ። እርግጥ ነው፣ ጉዞው ሙከራም ማስታወቂያም ነበር፤ ነጋዴነታቸውን መርሳት የለብንም። በ1956 እ.ኤ.አ. አውሮፓን ዞሩ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን በአፍሪካ ላይ ጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ1959 ከኬፕ ታውን የተነሣው ጉዞ ካይሮ ለመድረስ 221 ቀን ፈጅቷል፤ የተሄደውም መንገድ 23 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተጓዦቹ ከመቶ በላይ ሲሆኑ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በጡረታ ላይ ያሉ፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ነበሩ። የባያም ተሳቢ ከሌሎቹ የምትለየው በወርቃማ ቀለሟ ነው። ደቡባዊው አፍሪካ በአመዛኙ መልካም መንገድ ነበረው። ችግሩ የጀመረው ከኬንያ ሰሜናዊ በረሃ ነው፤ በሞያሌ አድርገው ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ ደግሞ ድንጋዩና ጭቃው ተከተላቸው። ባሌስትራ ይሰበራል፣ ጎማ ይቀደዳል፣ ተሳቢው በዋልካ ውስጥ ይሰምጣል። አንዱ መኪና ሌላውን፣ ሁለቱ ሦስተኛውን እየጎተቱ በብዙ ድካም ሰሜኑን ያዙ። በብስክሌት የተጎተተው ቀላል ቤት የአገራችን መንገድ ላይ ሲደርስ ክብደቱ ታወቀ።

በየመንደሩ ያለው ሕዝባችን ይህን የብር ሰልፍ ሲያይ ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ቤትን አስከትሎ መጓዝ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ታሪክን ቢመለከት መልካም ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ፣ ያዩት ቤተ መንግሥት በድንኳን የሚዘዋወር ከተማ ነበር። ንጉሡ ሲነሣ ከተማው ይነሣል፤ ሲሰፍር እያንዳንዱ ሹም የተመደበለትን ቦታ ያውቃል። ቀኛዝማችና ግራዝማች የተባሉት ሹመቶች በሰልፉ ውስጥ ካለው ቦታ የመጡ ናቸው። ፊታውራሪም ከፊት የሚሄደው ነው። ሰፈር የምንለው ቃል ራሱ ከመስፈር የወጣ ሲሆን፣ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በመኳንንቱ ድንኳኖች ዙሪያ የተሰባሰቡ ሰፈሮች ነበረች። የባያም ሰዎችም ሜዳ ሲያገኙ ተሳቢዎቻቸውን እንደ መንኰራኵር ክብ አድርገው፣ መሪውንም ለይተው ይሰፍሩ ነበርና የአፄዎቹን አጋፋሪ ከመቃብር ብናስነሣው ሥርዓቱ ብዙ አይጠፋበትም ነበር።

አዲስ አበባ ሲደርሱ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀበሏቸው። ጊዜው የአፍሪካ አዳራሽ ገና ያልተመረቀበት፣ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን በመቀበል ላይ ያሉበት ጊዜ ነበር። በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ በኩል በጡረታ ገንዘባቸው አህጉር የሚዞሩ አሜሪካውያን፣ በሌላ በኩል ጭነቱን በአህያ አድርጎ ገበያ የሚሄድ የአገሬ ሰው መገናኘታቸውን ስናስብ አንድ ነገር ይከነክነናል። ባያም ለእነዚያ ሰዎች ያስተማሩት በጥቂት ዕቃ መኖርን ነው፤ አንድ ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሳሕን። ገበያተኛው ግን ይህን ማንም ሳያስተምረው ይኖርበታል። ልዩነቱ እነርሱ ሲጨርሱ የሚመለሱበት ትልቅ ቤት ያላቸው መሆናቸው ነው። በጥቂት መኖርን መርጦ በሚኖርበትና ተገዶ በሚኖርበት መካከል ያለው ርቀት ከኬፕ ታውን እስከ ካይሮ ካለው ይበልጣል። ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው በአይሱዙ የሚዛወረው የቀራንዮ ተከራይ ይህን ሳያውቀው አይቀርም።

ይህን ስንል ግን የሰውየውን ሥራ ማንኳሰስ አንፈልግም። ብዙ ሰው ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሞቱን ይጠብቃል። ባያም ለ60 ዓመት አዛውንት ጋንጮ አስይዘው፣ ጎማ መለወጥ አስተምረው፣ ገና ወንዝ መሻገር እንደሚችሉ አሳዩአቸው። ከተጓዦቹ አንዳንዶቹ በአፍሪካ ጭቃ ውስጥ አካፋ የያዙት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ጉዞው በሱዳን አልፎ እ.ኤ.አ. በ1960 ግብፅ ሲደርስ ተሳቢዎቹ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ሰፈሩ። ባያም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በጭንቅላታቸው ውስጥ ዕጢ ወጥቶባቸው ሐምሌ 15 ቀን 1954 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው አረፉ። ወርቃማዋን ተሳቢ አስከትለው ዳግመኛ አልወጡም፤ በስማቸው የተቋቋመው ማኅበር ግን ጉዞውን ቀጠለ፤ ፋብሪካውም ከእርሳቸው በኋላ ሥራውን አላቋረጠም። ከሞቱ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሦስቱ የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ከጨረቃ ሲመለሱ፣ ያልታወቀ በሽታ ይዘው መጥተው እንደ ሆነ እስኪጣራ ድረስ የተዘጋባቸው ቤት ከኤርስትሪም ተሳቢ ተለውጦ የተሠራ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን እንኳን ደኅና መጣችሁ ያሏቸው በዚያች ተሳቢ መስኮት በኩል ነው።

የባያም ተሳቢዎች የሰመጡበት የሞያሌ መንገድ በእኛም በኬንያም በኩል ዛሬ አስፋልት ለብሷል። ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባ ያለው 770 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የጭነት ተሳቢዎች በዚያ ላይ ሌሊትና ቀን ይመላለሳሉ።