ለሥራ ሰው የጻፉት ጳጳስ

ቢሮ ከመግባቴ በፊት፣ ቡናዬን ይዤ ሁለት ገጽ የማነበው መጽሐፍ አለኝ። ጸሐፊው ካረፉ አራት መቶ ዓመት ያለፋቸው ካቶሊካዊው ቅዱስ ፍራንሷ ደ ሳል ናቸው። እኔ ካቶሊክ አይደለሁም። ሰውዬው ግን ስብሰባ፣ ቀጠሮና የቤት ወጪ ላለበት ሰው ያሰቡ ናቸው።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1567 ዛሬ የፈረንሳይ አካል በሆነችው ሳቮይ ነው። አባታቸው የበኩር ልጃቸውን የሕግ ሰው ሊያደርጉ ጓጉተው ፓሪስ ላኳቸው። በኋላም በ1591 ከፓዱዋ በሕግ ዶክትሬት ያዙ። ሙሽራ ሳትቀር ተመርጣላቸው ነበር። ፓሪስ ሳሉ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ገደማ ከባድ ነገር ገጥሟቸዋል። እግዚአብሔር የሚድነውንና የሚጠፋውን አስቀድሞ ወስኗል የሚለው ክርክር የጦፈበት ዘመን ስለነበር፣ ከሚጠፉት ወገን ነኝ የሚል ፍርሃት ያዛቸው። ለሳምንታት እህልም እንቅልፍም እምቢ አላቸው። ጭንቀቱ የለቀቃቸው በእመቤታችን ሐውልት ፊት ተንበርክከው፣ ፍጻሜያቸው ምንም ይሁን ምን በሕይወት እስካሉ እግዚአብሔርን ለመውደድ ሲወስኑ ነው። የኋላው ርኅራኄያቸው የተወለደው እዚያ ይመስለኛል።

በ1593 ክህነት ተቀበሉ፤ በዓመቱ የካልቪን ተከታዮች ወደሚበዙበት ሻብሌ ተላኩ። ስብከታቸውን የሚሰማ ሲጠፋ በወረቀት እየጻፉ በየበሩ ሥር አስገቡ። (በ1923 የጋዜጠኞች ጠባቂ ቅዱስ የተባሉት ያለ ምክንያት አይደለም።) በ1602 የጄኔቫ ጳጳስ ሆኑ፤ ከተማዋ በካልቪን ተከታዮች እጅ ስለነበረች መቀመጫቸው አነሲ ነበር።

የማነበው መጽሐፍ በ1609 የታተመ ሲሆን መነሻው ለአንዲት ባለትዳር ዘመዳቸው የጻፉት ምክር ነው። ጳጳስ እንደ ባሕታዊ ልኑር ቢል፣ ባለትዳር እንደ መነኩሴ ገንዘብ አልይዝም ቢል፣ የእጅ ባለሙያ ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቢውል ሥርዓት ይፈርሳል ባይ ናቸው። ጠዋት የጸለየ ሰው ደግሞ ከአትክልት ቦታ ሲወጣ ጥቂት አበባ እንደሚቀጥፍ ሁሉ፣ አንድ ሁለት ሐሳብ ይዞ እንዲውል ይመክራሉ። እኔ ደጋግሜ የምይዘው ስለ ቁጣ ያሉትን ነው፦ ተቆጥቶ የነበረ ሰው በመቆጣቱ ራሱ ላይ ዳግም መቆጣት የለበትም፤ ልቡን ቀስ ብሎ፣ እያባበለ ይመልሰው። በወሩ መጨረሻ፣ ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን፣ ይህን የሚያህል ምክር አላገኘሁም። እሳቸው ራሳቸው በተፈጥሯቸው ቁጡ እንደነበሩ ይነገራል።

ያረፉት በ1622 በሊዮን ከተማ፣ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነው። ዶን ቦስኮ በ1859 ቱሪን ላይ የመሠረቱትን ማኅበር ሳሌዥያን ያሉት በእሳቸው ስም ነው። በአገራችን በዶን ቦስኮ ስም የሚታወቁት የሙያ ትምህርት ቤቶችም የዚሁ ማኅበር ናቸው።